ሞራው ሲነሳ፣ ስኳሩስ?

«ዓይኔን ደመና ጋረደኝ» ይላሉ እናቶች። በሌሊት ታክሲ የሚነዳው ወገን ደግሞ ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት እየተበተነ ያስቸግረዋል። መነጽር ቢለወጥም ፋይዳ የለውም። ይህ ብዙ ጊዜ የዓይን ሞራ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር ቤት በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ ከዓይነ ሥውራን ግማሽ ያህሉን ብርሃን የነሳው ይኸው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሞራው ቀደም ብሎ ይመጣበታል። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ዓይን ሌንስ ይገባል፤ እዚያም ሶርቢቶል ወደተባለ ንጥረ ነገር ተለውጦ ውኃ ይስባል፣ ሌንሱንም ያሳብጠዋል። ውሎ አድሮ ጥርት ያለው ሌንስ ይደፈርሳል።

ጠብታም ሆነ ኩል ሞራን አያጠፋም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገቡ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ የመምጠጥን ዘዴ ጀመሩ። ዛሬ ሥራው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ለስኳር ሕመምተኛ ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ስኳሩ ከዓይን ጀርባ ያለውን ሬቲና ጎድቶት ከሆነ፣ ሞራው ቢነሳም ዓይን እንደሚጠበቀው ላያይ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሬቲናው ሊያብጥና ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ሬቲናውን ይመረምራል፤ ካስፈለገም በሌዘር ወይም በመርፌ ያክማል።

«ስኳር እንዳለብኝ ብናገር ይከለክሉኛል» ብለው ዝም የሚሉ ወገኖች አሉ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ለዚህም ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይሻላል። በተለይ «ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምንም አትብሉ» የተባለ ሰው ኢንሱሊኑን እንደወትሮው ከተወጋ፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በዚያ ጠዋት ስንት መወጋት እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይንን ማሸት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና የበርበሬ ብናኝ ያለበት ማድቤት መግባት አይገባም። ስግደትም ሆነ ፊት ላይ የሚፈስ ጠበል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም እይታው ከደከመ ግን ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባያመውም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን ያስመርምር። የሬቲና ጉዳት ሲጀምር ሕመም የለውም፤ ሲታወቅ ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።