ወባ በሳሳበት ቦታ ማን ነው የሚታመመው?

በ1963 በመላው ስሪላንካ የተመዘገቡት የወባ ታማሚዎች 17 ብቻ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ የወባ ትንኝ ማጥፊያ ርጭቱ ቆመ፣ በጀቱ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ፣ ቅኝቱም ላላ። በ1960ዎቹ ማብቂያ የታማሚው ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ደረሰ። ደሴቲቱ ከወባ ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት ያረጋገጠላት በ2016 ነው።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው የመዘናጋት ማስተማሪያ ተደርጎ ነው። ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይዘላል። ወባ በ17 ሰው ላይ ሲቀር ዋናው ሥራ ጥያቄ መጠየቅ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች የት ተነደፉ? ምን ሲሠሩ? የት አድረው? አብሯቸው የሚኖረው ጎረቤትስ እንዴት ተረፈ? ይህን መመለስ ያልቻለ መርሐ ግብር የታማሚው ቁጥር የቱንም ያህል ቢያንስ ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም።

ወባ በበረታበት አካባቢ ጥያቄው ብዙም አያስቸግርም፤ ሁሉም ይነደፋል። በብዛት የሚሞቱት ሕፃናት ናቸው፤ አዋቂው ደጋግሞ በመያዙ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። አጎበር ለሁሉም ማደልና ቤቱን ሁሉ መርጨት ያዋጣል። ስርጭቱ ሲሳሳ ግን የታማሚው መልክ ይለወጣል። በካምቦዲያና በቬትናም ወባው እየቀነሰ ሲሄድ የቀሩት ታማሚዎች በአብዛኛው ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፤ እንጨት ሊቆርጡ ወይም ሊያድኑ ጫካ ገብተው፣ በሁለት ዛፍ መካከል በተወጠረ ጨርቅ ላይ የሚያድሩ። የዚያ ጫካ ዋና አስተላላፊ፣ አኖፊለስ ዲረስ የተባለችው ትንኝ፣ ደጅ ላይ፣ አንዳንዴም ገና በጊዜ ትነድፋለች። ቤት የተሰቀለው አጎበር ለእነዚህ ሰዎች ምንም አይፈይድም። በማሌዥያ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል፤ የተለመዱት የሰው ወባ ዝርያዎች ከ2018 ጀምሮ አገር ውስጥ መተላለፍ ቢያቆሙም፣ ከጦጣ ወደ ሰው የሚሻገረው ኖውሌሲ የተባለው ዝርያ በጫካ ዳር የሚያርሰውን ገበሬ እያሳመመ ነው።

ባለሙያዎች ተጋላጭነትን ሲመዝኑ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው ቦታው ራሱ ነው፤ ሙቀቱ፣ ያቆረው ውሃ፣ አስተላላፊዋ ትንኝ መኖር አለመኖሯ። ሁለተኛው ጥገኛ ተሕዋሱን በደሙ ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። አንዱ ከሌለ ሌላው ብቻውን ወረርሽኝ አያስነሳም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወባን የረሳ አገርም አይድንም። ግሪክ በ1974 ከወባ ነጻ ተብላ ነበር። ከ2009 በኋላ በደቡብ ግሪክ ላኮኒያ፣ ኤቭሮታስ በተባለው የእርሻ አካባቢ፣ ወባ ካለባቸው አገሮች ለእርሻ ሥራ የሄዱ ስደተኞችና ረግረጉን ያልለቀቁት ትንኞች ተገናኙ። በ2011 ከአገራቸው ወጥተው የማያውቁ የመንደሩ ሰዎች ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዝርያ ታመሙ።

የእኛ አገር ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚለየው ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ስለሚገናኙ ነው። የኢትዮጵያ መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ወባማ ነው ይባላል፤ የተለመደው መስመር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ነው። መስመሩ ግን አጥር አይደለም። በ1958 ወረርሽኙ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ሰው እንደያዘና 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ያን ያህል የፈጀው ወባን የማያውቅ፣ በደሙ ምንም መከላከያ የሌለው ሕዝብ ስላገኘ ነው። ስርጭቱን ባሳሳን ቁጥር ብዙ ሰው ወደዚያ ሁኔታ እየወሰድን መሆናችን መረሳት የለበትም።

በክረምቱ ከደጋና ከወይና ደጋው የሚነሳው የቀን ሠራተኛ ለሰሊጥ አረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። የሚያድረው ዳስ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ነው፤ የሚረጭ ግድግዳ የለውም፣ አጎበር ቢሰጠውም የሚሰቅልበት የለውም። አጨዳው የሚደርሰው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ደመወዙን ይዞ አገሩ ሲገባ ትኩሳቱ ይነሳል። የቀበሌው ጤና ኬላ ይመረምረዋል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ መዝገቡ ላይም የዚያ ቀበሌ ታማሚ ሆኖ ይሰፍራል። ወረዳው በዓመቱ መጨረሻ ካርታ ሲያወጣ ያ ቀበሌ ይቀላል፤ ኬሚካል የሚረጨውም እዚያ ነው። የተነደፈበት ማሳ የማንም መዝገብ ላይ የለም። ታማሚው ከታከመበት ቦታ ጎን የተነደፈበትን ቦታ መጻፍ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ጠይቆ መጻፍ ብቻውን የማይፈታው አለ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ከተነደፉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚነሳ "በቅርቡ የት ሄደህ ነበር?" ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ወራት ይቆያል። ደቡብ ኮሪያ ወባን አጥፍታ ከቆየች በኋላ በ1993 በሰሜን ኮሪያ ድንበር አቅራቢያ በነበረ ወታደር ላይ ዳግም ተገኘ። በዚያ አካባቢ በበጋቸው የተነደፈ ወታደር አገልግሎቱን ጨርሶ፣ ወባ ወደሌለበት ከተማው ተመልሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊታመም ይችላል። ቫይቫክስ በብዛት በሚገኝባት ኢትዮጵያም የዛሬው ትኩሳት የዛሬ ንድፊያ ነው ወይስ ያለፈው ዓመት ቅሪት የሚለውን ጤና ኬላ ላይ መለየት አይቻልም።

ቻይና የታማሚ ክትትልን በቀን ቆጥራ ሥርዓት አስያዘችው። አንድ ታማሚ ሲገኝ በ1 ቀን ሪፖርት ይደረጋል፤ በ3 ቀን ውስጥ ከየት እንዳመጣው ይጣራል፤ በ7 ቀን ውስጥ በቦታው እርምጃ ይወሰዳል። በ1940ዎቹ በዓመት 30 ሚሊዮን ታማሚ ይገመትባት የነበረችው አገር በ2021 ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። አሠራሩ የሚያምረው ግን ታማሚው ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ ሲሆን ነው።

ታማሚውን ብቻ መጠየቅም ያሳስታል። አሥር ታማሚ ሁሉም ወንዝ ዳር እንኖራለን ቢሉ ወንዙ ጥፋተኛ ይመስላል፤ ያልታመሙትም ወንዝ ዳር የሚኖሩ ከሆነ ግን ወንዙ ምንም አልነገረንም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ታማሚውን ካልታመመው ጎን ለጎን ያነጻጽራሉ። ለዚህ ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2022 በደረቁ ወቅት፣ ወባ ሊቀንስ በሚገባበት ጊዜ፣ ከተማዋ በወባ ተጥለቀለቀች። አጥኚዎች በከተማውና በዩኒቨርሲቲው ታማሚዎችንና ያልታመሙትን መዝግበው ወደየመኖሪያቸው ሄዱ፤ አብሯቸው የሚኖረውን መረመሩ፣ ትንኝ ሰበሰቡ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ከፍተው እጭ ፈለጉ። በታማሚው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ይበልጥ ተይዘው ተገኙ፤ ከታማሚዎቹ መኖሪያ ጋር ጎልታ የተያያዘችው ትንኝም አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሆነች። ይህች ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ነው። የገጠር ረግረግ አያስፈልጋትም፤ በርሜል፣ ሮቶና የሕንፃ ግንባታ ውሃ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ነዋሪ ውሃ ማጠራቀሙ ራሱ ተጋላጭነት ሆነ ማለት ነው።

በንጽጽሩ ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ያልታመመውን ሰው የት እንደምትመርጥ ነው። የታማሚውን የግድግዳ ጎረቤት ከመረጥክ የሰፈሩ አደጋ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ከስሌቱ ይሰወራል። ሌላ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የመጣውን ከመረጥክ ደግሞ ጤና ጣቢያ የማይመጣው፣ ምናልባትም ከሁሉ ይበልጥ የሚጋለጠው ሰው ከጥናቱ ውጭ ይቀራል።

የመመርመሪያ መሣሪያውም የሚደክመው ወባ ሲሳሳ ነው። በደም ውስጥ ጥቂት ተሕዋስ ይዞ የማይታመም ሰው በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ አይታይም። በፈጣኑ መመርመሪያ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ፤ በኤርትራ፣ በኋላም በኢትዮጵያ መመርመሪያው የሚያነበውን ፕሮቲን የማያመርት ፋልሲፓረም ተገኘ፤ ሰውየው ታሞ ውጤቱ "የለበትም" ሊል ይችላል። ተሕዋሱን ማግኘት ሲከብድ ዱካውን መፈለግ ይሻላል። በደም ውስጥ የሚቀሩ ፀረ እንግዳ አካላት ያለፈ መያዝን ይመሰክራሉ፤ በተለይ ርጭትና አጎበር ከተስፋፋ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት ደም ውስጥ ዱካው ከሌለ ስርጭቱ በእርግጥ ተቋርጧል ብሎ ለመናገር ያስደፍራል። የወባ እምብርት የሚባሉትን ጥቂት ሰፈሮች ብቻ ለይቶ መምታት የሚለው ሐሳብ ግን፣ ለበጀት አውጪ ቢያጓጓም፣ እኔን ብዙም አላሳመነኝም። እምብርቱ ከዓመት ዓመት ቦታ ይቀይራል፤ በኬንያ ደጋማ አካባቢ ተሞክሮም ከተመቱት ሰፈሮች ውጭ ለውጥ አላመጣም።

ኢትዮጵያ በ2030 ወባን የማጥፋት ግብ ይዛ፣ ዝቅተኛ ስርጭት አለባቸው በተባሉ ወረዳዎች ሥራውን የጀመረችው በ2017 ነበር። ከዚያ ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የጤና ተቋማት መውደምና የመድኃኒት እጥረቱ ተከታተሉ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዘገበ። የተፈናቀለ ሰው የት እንደተነደፈ ብትጠይቀው ሊቆጥርልህ የሚችለው የሸሸባቸውን ቦታዎች ሁሉ ነው።

መናገር የማይፈልግም አለ። ያለ ፈቃድ ወርቅ የሚያወጣ፣ ድንበር በእግር የሚሻገር፣ የተከለከለ ደን የሚቆርጥ ሰው ለመንግሥት ሠራተኛ ያደረበትን ቦታ በዝርዝር አይናገርም። ቅጹ ላይ "አልተንቀሳቀሰም" ተብሎ የሚሞላው አንዳንዱ መስመር ከዚህ የመጣ ነው። በፈረንሳይ ጉያና ጫካ በሕገወጥ መንገድ ወርቅ የሚቆፍሩ ሰዎችን ለመድረስ ማላኪት የተባለው ፕሮጀክት ከ2018 ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞከረ። በሱሪናምና በብራዚል ድንበር ላይ፣ ቆፋሪዎቹ ስንቅ በሚሸምቱበትና በሚያርፉበት ቦታ፣ ራሳቸውን የሚመረምሩበትና የሚያክሙበት ጥቅል በነጻ ታደለ፤ የሚያድሉት ሠራተኞች አጠቃቀሙን ካሳዩ በኋላ ሰውየው ጥቅሉን ይዞ ወደ ጫካው ይመለሳል። ሱሪናም በ2025 ከአማዞን አካባቢ አገሮች ቀድማ ከወባ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ፤ የወርቅ ቆፋሪዎቹን ካምፖች ሲከታተሉ ከቆዩት የጤና ሠራተኞቿ ብዙዎቹ ከዚያው ከቆፋሪዎቹ ማኅበረሰብ የተመለመሉ ናቸው።