የድሮ ከፍተኛ ኃይል አምፕሊፋየርን እንደገና መሥራት

የድሮ ከፍተኛ ኃይል አምፕሊፋየርን እንደገና መሥራት ማለት ፋብሪካ ማምረቱን ያቆመውን የድምፅ ማጉያ መሣሪያ በታተመው የሰርኪት ንድፉ መሠረት፣ ዛሬ ገበያ ላይ በሚገኙ ክፍሎች እንደገና መገጣጠም ነው። በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ በአንድ ቻናል ከ100 ዋት በላይ የሚሰጡ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ሥራቸው በአንድ ቺፕ ውስጥ ስላልተደበቀ እያንዳንዱ ክፍል በዓይን ይታያል፣ በመልቲሜትር ይለካል፣ ሲበላሽም ለብቻው ይቀየራል። ሆኖም በውስጣቸው ያለው ቮልቴጅና የተጠራቀመው ኃይል ሰው ሊገድል ስለሚችል ለጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ አይሆኑም።

ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በ8 ኦም ስፒከር ላይ በቻናል 200 ዋት የሚሰጥ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየርን በምሳሌነት ይወስዳሉ። የአካባቢ ሁኔታን በሚመለከት ደግሞ ምሳሌው በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኘው ወረታ ከተማና የፎገራ ሜዳ ነው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለመንገድ ላይ ማስታወቂያ የሚውለው ትልቅ የድምፅ መሣሪያ በተለምዶ «ሞንታርቦ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ሞንታርቦ ከተባለው የጣሊያን የድምፅ መሣሪያዎች ምርት ስም ሲሆን፣ ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ ትልቅ ስፒከር በዚሁ ስም ይጠራል። አምፕሊፋየር ግን ከስፒከሩ የተለየ ነው። ከማይክሮፎን ወይም ከማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጉልቶ ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል የሚሰጠው ክፍል አምፕሊፋየሩ ነው።

ታሪክ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 በቤል ላብራቶሪ የኔጌቲቭ ፊድባክን ሐሳብ አፈለቀ። በዚህ ዘዴ ከውጤቱ ጥቂቱ ወደ መግቢያው ተመልሶ ከገባው ምልክት ጋር ይነጻጸራል፤ በዚህም የድምፅ መዛባት ይቀንሳል። ትራንዚስተር በዚያው ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ተፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሁንግ ቻንግ ሊን የተባለ መሐንዲስ ያለ ውጤት ትራንስፎርመር የሚሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ንድፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች መሠረታቸው ይኸው ንድፍ ነው።

ከፍተኛ ኃይል በቤት ውስጥ የተለመደው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ክራውን ዲሲ-300 በ8 ኦም ላይ በቻናል 150 ዋት ይሰጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦብ ካርቨር የሠራው ፌዝ ሊኒየር 700 በቻናል 350 ዋት በመስጠት በጊዜው ብዙዎችን አስገርሟል። ይህ መሣሪያ ሲበላሽ ስፒከር የማቃጠል ስም ስለነበረው ተጠቃሚዎቹ በቀልድ «ፍሌም ሊኒየር» ብለውታል፤ ፍሌም በእንግሊዝኛ ነበልባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የጆርጂያ ቴክ መምህር የነበሩት ማርሻል ሊች አንድ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ንድፍ ኦዲዮ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አወጡ። የሊች አምፕሊፋየር ንድፉ ከሙሉ ማብራሪያ ጋር ስለታተመ እስከ ዛሬ በብዛት እንደገና ከሚሠሩት አንዱ ነው።

አሠራር

የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው የገባውን ምልክት ከውጤቱ ጋር ያነጻጽራል። ሁለተኛው ልዩነቱን በቮልቴጅ ያጎላዋል። ሦስተኛው፣ ማለትም የውጤት ደረጃው፣ ለስፒከሩ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ከረንት ያቀርባል። በውጤት ደረጃው ግማሾቹ ትራንዚስተሮች የምልክቱን አዎንታዊ ግማሽ፣ የቀሩት ደግሞ አሉታዊውን ግማሽ ይሸከማሉ። ሁለቱ ወገኖች በሚለዋወጡበት ቅጽበት ድምፁ እንዳይቆራረጥ ምልክት በሌለበት ጊዜም ጥቂት ከረንት እንዲያልፍባቸው ይደረጋል፤ ይህም ባያስ ይባላል።

ባያሱን የሚቆጣጠረው ትንሽ ትራንዚስተር ከውጤት ትራንዚስተሮቹ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ብረት ላይ መታሰር አለበት። የትራንዚስተር የመክፈቻ ቮልቴጅ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሙቀቱን ካልተከታተለ መሣሪያው ሲሞቅ ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ደግሞ የበለጠ ይሞቃል፤ መጨረሻው መቃጠል ነው።

የኃይል ስሌት

በ8 ኦም ላይ 200 ዋት ለማግኘት የምልክቱ ጫፍ 57 ቮልት ገደማ፣ ከረንቱ ደግሞ 7 አምፔር ገደማ መድረስ አለበት። በትራንዚስተሮቹና በሬዚስተሮቹ ላይ የሚቀረው ሲታከልበት አምፕሊፋየሩ አዎንታዊና አሉታዊ 66 ቮልት ያስፈልገዋል። ይህ ቮልቴጅ ባለ 48-0-48 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ዳዮዶችና ትልልቅ ካፓሲተሮች በመጠቀም ይገኛል።

በዚህ ዓይነት አሠራር በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአንድ ቻናል እስከ 110 ዋት ሊደርስ ይችላል። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ብክነቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ማሰር ጭነቱን 4 ኦም ስለሚያደርገው ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ለ8 ኦም የተሠራ መሣሪያ በትልቅ ድግስ ላይ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የክፍሎች ምርጫ

የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች ብዙዎቹ አይመረቱም። በእነሱ ምትክ እንደ ኤምጄ15024 ያሉ፣ እስከ 250 ቮልት የሚችሉ ትራንዚስተሮች ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፣ በመግለጫው ላይ የተጻፈው 250 ዋት የሚሠራው የትራንዚስተሩ አካል 25 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ብቻ ነው። አካሉ 85 ዲግሪ ሲደርስ የሚችለው ወደ 164 ዋት ይወርዳል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይም የሚችለው ከረንት ይቀንሳል። ስለዚህ በርካታ ጥንዶች ጎን ለጎን ይታሰራሉ።

ሁለተኛ፣ አዳዲሶቹ ትራንዚስተሮች ከድሮዎቹ የፈጠኑ ናቸው። ለዘገምተኛ ትራንዚስተር የተሰላ ሰርኪት ፈጣን ትራንዚስተር ሲገባበት ጆሮ በማይሰማው ድግግሞሽ በራሱ ሊርገበገብ ይችላል። ድምፅ ሳይኖር ማቀዝቀዣው ከጋለ ይህ መጠርጠር አለበት፤ በኦሲሎስኮፕ ይረጋገጣል፤ የማረጋጊያውን ካፓሲተር መጠን በማስተካከል ይታረማል።

ሦስተኛ፣ የታወቀ ስም የታተመባቸው ሐሰተኛ ትራንዚስተሮች በገበያ ላይ አሉ። በውስጣቸው ያለው ቁራጭ ሲሊከን ትንሽ በመሆኑ ጭነት ሲበዛ ይፈነዳሉ። ከአንድ ግዢ አንዱን ከፍቶ ማየት ሌሎቹን ሁሉ ከማጣት ያድናል።

ከአሮጌ መሣሪያ የተነቀሉ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሳይሠሩ ተቀምጠውም ቢሆን ስለሚደርቁ ድጋሚ ባይጠቀሙባቸው ይሻላል። ትራንስፎርመር፣ ማቀዝቀዣ ብረትና ሣጥን ግን ደኅና ከሆኑ ለዓመታት ያገለግላሉ። ከወጪው ትልቁ ድርሻ የእነዚህ ስለሆነ ከተጣለ መሣሪያ ማግኘቱ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የኢትዮጵያ መብራትና የድሮ ትራንስፎርመር

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠሩ መሣሪያዎች ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የታሰቡ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ቮልቴጁ ብቻ ቢሆንም ድግግሞሹም ለውጥ ያመጣል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ ያንኑ 120 ቮልት ቢያገኝ በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ትራንስፎርመሩም ያጓራል፣ ይግላል። ሳይጨነቅ እንዲሠራ 100 ቮልት ብቻ ሊሰጠው ይገባል። አዲስ ትራንስፎርመር ለሚያስጠቀልል ሰው ከመጀመሪያው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ ማዘዙ ይቀላል።

የመብራት መዋዠቅም በስሌቱ ይገባል። ትልቅ የወፍጮ ወይም የሩዝ መፈልፈያ ሞተር በዚያው መስመር ላይ ሲነሳ ቮልቴጁ ለጊዜው ይወርዳል። መስመሩ 180 ቮልት ላይ ቢቆይ በምሳሌው ያለው የ200 ዋት አምፕሊፋየር ያለ መዛባት የሚሰጠው ወደ 130 ዋት ይወርዳል። በተቃራኒው መስመሩ 242 ቮልት ሲደርስ 66 የነበረው የውስጥ ቮልቴጅ ወደ 73 ከፍ ይላል። ስለዚህ 63 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር አይበቃም፤ ባለ 100 ቮልት ይመረጣል።

ሙቀትና ከፍታ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ትገኛለች። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ ውኃም የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ በፋብሪካ መግለጫ መሠረት ልክ የሆነ ማቀዝቀዣና ፋን በወረታ ሊያንስ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ከስሌቱ ቢያንስ በሩብ አስበልጦ መሥራት ይመከራል።

ሜዳው በክረምት ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሚመጣ ውኃ ይጥለቀለቃል፣ በበጋ ደግሞ አቧራ አለው። በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የገባ አቧራና የሩዝ ገለባ አየር ስለሚዘጋ በየጊዜው በብሩሽ መጠረግ አለበት። እርጥበት ደግሞ ብረቱን ያዝጋል፣ የቮልዩም ማዞሪያውንም ያንኳኳል።

አደጋና የመጀመሪያ ማብራት

በምሳሌው በእያንዳንዱ ወገን 20,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢኖር በጠቅላላው 87 ጁል ይጠራቀማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውም 132 ቮልት ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይህ ኃይል ይቆያል። በየወገኑ ባለ 2,200 ኦምና 5 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ከታሰረ ካፓሲተሮቹ በ4 ደቂቃ ገደማ ይራገፋሉ። ያም ሆኖ እጅ ከመግባቱ በፊት በመልቲሜትር መለካት ግድ ነው። ብዙ የድሮ መሣሪያዎች ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ነበራቸው፤ እንደገና ሲሠሩ ሣጥኑ በሦስተኛው ሽቦ ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ማብራት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ባለ 100 ዋት የድሮ ዓይነት አምፖል ከመብራቱ ጋር በተከታታይ ይታሰራል። አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ።
2. ስፒከር ሳይታሰር በመውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለካል። ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት።
3. ባያሱ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ መሣሪያው ከሞቀ በኋላም እንደገና ይለካል።
4. መጀመሪያ ርካሽ ስፒከር፣ ከዚያ ዋናው ይታሰራል።

አንድ የውጤት ትራንዚስተር ሾርት ቢያደርግ 66 ቮልት በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ይህ በስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ከ700 ዋት በላይ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በድሮው ንድፍ ባይኖርም እንኳ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ሲያይ ስፒከሩን የሚያላቅቅ ሪሌይ ይጨመራል። ሪሌዩ ሲከፈት በነጥቦቹ መካከል የእሳት ቅስት ሊቀር ስለሚችል፣ ሲላቀቅ የስፒከሩን ገመድ ወደ ግራውንድ የሚያገናኝ ዓይነት ይመረጣል።

ኃይልና የድምፅ መጠን

ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ200 ዋት 113 ዴሲቤል ይደርሳል። ግድግዳ በሌለው ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ በ16 ሜትር ላይ 89 ዴሲቤል ገደማ ይቀራል። ስለዚህ ለሜዳ ድግስ አምፕሊፋየሩን ከማሳደግ ይልቅ ስፒከሮቹን በሕዝቡ መካከል ማከፋፈል ይሻላል።

ይህ የጆሮም ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሙዚቃ ሥፍራዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ከላይ በተጠቀሰው ስፒከር ፊት ለፊት፣ 1 ሜትር ላይ የሚቆም ልጅ ከዚህ ወሰን በብዙ የሚበልጥ ድምፅ ያገኘዋል። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዱት የውስጥ ጆሮ ሴሎች መልሰው አይበቅሉም።