የምዕራብ ጎጃም የሰብል ምርት ቁጥር እንዴት ይገኛል? የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ድርሻ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ) በሚያወጣው የመኸር ምርት ሪፖርት የምዕራብ ጎጃም ዞን የበቆሎ፣ የጤፍና የዳጉሳ ምርት በኩንታል ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ቁጥር የሚገኘው ማሳ ሁሉ ተመዝኖ ሳይሆን በናሙና በተመረጡ የቆጠራ ቦታዎች ከሚሰበሰብ መረጃ ነው።

መረጃ ሰብሳቢው በተመረጠው ማሳ ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ ለክቶ ይለያል። በዚያ ውስጥ ያለው ሰብል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ደርቆ ይመዘናል። አንድ ሄክታር ይህን የመሰሉ 625 ቦታዎች ስለሚይዝ፣ ለምሳሌ 8 ኪሎ ግራም በቆሎ ቢገኝ በሄክታር 50 ኩንታል ይሆናል፤ በሚዛን ላይ የሚፈጠር የ1 ኪሎ ስሕተትም ውጤቱን በ6.25 ኩንታል ያዛባል። ጥማድም ሆነ ቃዳ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የማሳው ስፋት በጂፒኤስ ይለካል።

ለመረጃ አሰባሰብና ምዝገባ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ በነፃ የሚገኘው ሲኤስፕሮ ነው። የታጨደው መሬት ከተዘራው በልጦ ቢመዘገብ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። ስታታ፣ ኤስፒኤስኤስና አር ደግሞ አማካይን፣ ድምርንና የስሕተት መጠንን ያሰላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ሲኤስፕሮን ተጠቅሟል፤ ባንኮችና ፋብሪካዎችም ለብድር ስጋትና ለምርት ጥራት ትንተና መሰል ሶፍትዌሮችን ይገለገላሉ።

ሆኖም እርስ በርሱ የሚጣጣም የተሳሳተ መልስ ከሶፍትዌሩ ፍተሻ ሊያመልጥ ይችላል። ግብር ይጨመርብኛል በሚል ስጋት መሬቱን አሳንሶ የሚናገር አርሶ አደር ይኖራል። አንድ የናሙና አባወራ ግን ብዙ አባወራዎችን ወክሎ ስለሚሰላ ስሕተቱ በእርሱ ማሳ ላይ አይቆምም፤ የማዳበሪያ ፍላጎትን የሚተምነው ባለሙያም ሆነ በቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሬ ዕቃ የሚፈልገው ባለሀብት በተዛባው ቁጥር ላይ ይመሠረታል። ለስታቲስቲክስ የተሰጠ የግለሰብ መረጃ ምስጢርነቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለሆነም አርሶ አደሩ የመረጃ ሰብሳቢውን መታወቂያ ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ትክክለኛውን መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል።

ናሙናው የሚወጣው በዞን ደረጃ ውጤት ለመስጠት ስለሆነ ለቡሬ ወረዳ ወይም ለአንድ ቀበሌ ብቻ አስተማማኝ ቁጥር አይገኝበትም። ይህን የሚፈልጉ ተገልጋዮች የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሌላ ቦታ ስም አልባ የሆነውን ጥሬ መረጃ ለጥናት የሚጠቀሙ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ከመረጃው ጋር የሚሰጠውን የናሙና ማባዣ ሳያስገቡ አማካይ ማውጣት የለባቸውም፤ ሶፍትዌሩ ያለ ማባዣውም ቢሆን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ቁጥር ያወጣል።