የጠላ ጋን አመራረጥና አቀማመጥ

በቤቱ ጠላ የሚያስጠምቅ ሰው ለእንግዳ የሚያቀርበውን ብርጭቆ አጥቦና አለቅልቆ ማቅረቡን እናውቃለን። ብርጭቆው ግን ጠላውን የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀናትና ሳምንታት ታቅፎት የሚሰነብተው ጋኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር የምንናገረው ስለ ጋኑና አብረውት ስለሚሠሩት ዕቃዎች ይሆናል።

ጠላ እንደ ወጥ ከእሳት ወርዶ ወዲያው የሚቀርብ አይደለም። ቂጣውና እንኩሮው በምጣድ ላይ ቢያልፉም፣ ድፍድፉ በውሃ ከተሞላ በኋላ ዳግመኛ እሳት አያገኘውም። በዕቃው ወይም በውሃው የገባ ረቂቅ ተሐዋስ ሁሉ እስከ ጠጪው ድረስ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የጠላው መኰምጠጥና በውስጡ ያለው ጥቂት አልኮል አንዳንዱን ያዳክመው ይሆናል እንጂ ውሃን እንደ ማፍላት አያስተማምንም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠጡን የሚያበላሹት ከውጭ የሚገቡ ረቂቃን ተሐዋስያን መሆናቸውን አስረድቷል። እናቶቻችን ደግሞ መጽሐፉን ሳያዩት ጋናቸውን በግራዋ ሲያሹና በወይራ ሲያጥኑ ኖረዋል።

የሸክላ ጋን ሲገዛ በጣት አጥንት ማንኳኳት መልካም ነው። ደህናው ጋን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ቤት ከደረሰም በኋላ ውሃ ሞልቶ ማሳደር ይገባል። ሸክላ በመጠኑ ማላቡ የታወቀ ነው፤ በአንድ መስመር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ስንጥቅ አለበት፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚሸሸገውን አተላም ማንም አጥቦ አይጨርሰውም። አፉ ክንድ የሚያስገባ ይሁን። አዲሱ ጋን የአፈሩ ጣዕም እስኪወጣለት ድረስ ውሃው እየተለወጠ መሟሸት አለበት።

ዛሬ በብዙ ቤት የፕላስቲክ በርሜል የጋንን ቦታ ወስዷል። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ በርሜል ከሆነ አንነቅፈውም፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም። ችግሩ አሮጌው ነው። ጠላ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ከገበያ በርካሽ የገዙትን ሰማያዊ በርሜል አሳይተውን ነበር። «ሦስት ጊዜ በግራዋ አሸሁት፤ ሽታው ግን እምቢ አለ» አሉን። ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት ሻጩም አልነገራቸውም። የተባይ ማጥፊያና የመሰለው መድኃኒት ወደ ፕላስቲኩ ሰውነት ስለሚሰርግ በሳሙናም በአመድም አይወጣም፤ ስለዚህ ለጠላ እንዳይሆን ነገርናቸው። «እንግዲያው ለውሃ ይሁን? ለእህልስ?» ብለው ጠየቁ። ገንዘባቸውን ማጣታቸው ቢያሳዝነንም ለሁለቱም አይሆንም ማለት ግድ ሆነብን። በርሜሉ ዛሬ የጥራጊ ማጠራቀሚያ ነው።

ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ በርሜልና ባልዲም ለጠላ አይስማሙም። የመጠጡ ኩምጣጤ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ ይህንም የጠጣ ሰው ሆዱን ቍርጠት ይይዘዋል፣ ያስመልሰዋልም። ያልተለበጠ የመዳብ ዕቃ እንዲሁ ነው።

ስለ ማጠን አንድ ነገር እንጨምር። የወይራ ፍልጥ በፍም ላይ ተደርጎ ጋኑ በአፉ ሲደፋበት፣ ጢሱ ጋኑን ያደርቀዋል፣ ለጠላውም መልካም መዓዛ ይሰጠዋል፣ የተሐዋስያንንም ኃይል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጋኑ አስቀድሞ ታሽቶ፣ ታጥቦና ተንጠፍጥፎ እንደ ሆነ ነው። ሳይታጠብ የታጠነ ጋን ሽታው ይሰወራል እንጂ እድፉ አይለቅም።

የጋኑ ቦታ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት ማደሪያ የራቀ፣ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። ቂጡ ክብ ስለ ሆነ በማቶት ላይ ተደላድሎ ይቀመጥ፤ ከግድግዳውም ጥቂት ይራቅ፤ አለዚያ ከኋላው የአይጥ መንገድ ይሆናል። ጠላ ሲፈላ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ብዙ ጋን በተደረደረበት ጠባብ ክፍል መስኮት ዘግቶ መተኛት አደገኛ ነው። ክዳኑ በጥብቅ የሚጠመዘዝ በርሜልም ጋዙ መውጫ ሲያጣ ያብጣል፣ ክዳኑንም ሊያስፈነጥር ይችላል። አፉን በታጠበ ጨርቅ ሸፍኖ መክደኛውን ማስቀመጥ ይበቃል፤ የማዳበሪያ ከረጢት ግን ፈጽሞ አይታሰርበት።

ማጥለያው ጨርቅ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ሆኖ፣ በተጠለለበት ቍጥር ተቀቅሎ በፀሐይ ይሰጣ። መቅጃውም እጀታ ያለው ሆኖ ለብቻው ይሰቀል፤ የተጠጣበት ጣሳ ተመልሶ ወደ ጋኑ አይግባ። በመጨረሻ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ፣ ተከድኖ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ትኩሱ ከተጨመረ ግን ጠላውን የሚያፈላውን እርሾ ይገድለዋልና በጋን ውስጥ ከመገልበጡ በፊት የያዘውን ዕቃ በመዳፍ መዳሰስ ያስፈልጋል።