የባሕር ጨው የበላውን ቸርኬ ቤት ሆኖ ማደስ እንዴት ይሠራል?

ጅዳ ውስጥ ባሕሩ አጠገብ ዓመታት የቆመ መኪና ካለ፣ ጎንበስ ብለው የአሉሚኒየም ቸርኬውን ይዩት። ከቫርኒሹ ሥር የሚሄዱ ነጫጭ ክር መሰል መስመሮች ሊያገኙ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ መነሻቸው ጠጠር የፈነቀለው ነጥብ ወይም የጎሚስታ መፍቻ የጫረው ጠርዝ ነው። በጥፍር ሲነካ ቫርኒሹ ይላጣል፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይወጣል። በዚህ ላይ ቀለም መንፋት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱ ቀለም ከነዱቄቱ ይነሳል።

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ቢሆንም አጥብቆ ስለሚይዝ የውስጡን ይጠብቃል። ይህን ሽፋን የሚበሳው በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። የቀይ ባሕር እርጥብ አየር ጨው ይዞ ይመጣል፤ ቫርኒሹ በተቀደደበት ገብቶም ከቀለሙ ሥር ይሰረስራል። 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የምትርቀው መካ አየሯ ደረቅ ነው፤ የእሷ ፈተና አቧራና ሙቀት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጎማውን ጎሚስታ ዘንድ አስወልቆ ቸርኬውን በሳሙናና በብዙ ውሃ በማጠብ ነው። ከታጠበ በኋላ ፊቱንም ጀርባውንም በደንብ ይመርምሩ። የተሰነጠቀ ወይም የታጠፈ ከሆነ ቀለም አያድነውምና ይተዉት። ቀለሙን በእሳት ማቃጠልም አይሞከርም። ቸርኬ የሚሠራበት የአሉሚኒየምና የሲሊኮን ቅይጥ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ስለሆነ፣ የእሳት ነበልባል ያለሰልሰዋል።

ለአሉሚኒየም እንደሚሆን የተጻፈበት የቀለም ማስለቀቂያ ይምረጡ። ማስለቀቂያው ወደ ቀለሙ ሰርጎ ያሳብጠዋል፤ ቀለሙም ተሸብሽቦ ይለቃል። በፕላስቲክ ከሸፈኑት ቶሎ አይተንም። ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት። የጅዳ ሙቀት ሰውን ወደ ኤር ኮንዲሽነሩ ይገፋፋል፤ ይህ ሥራ ግን በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይሠራም። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ እንፋሎቱ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ሰው ገድሏል፤ አሜሪካም በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ይሥሩ።

የምድጃ ማጽጃና የቧንቧ መክፈቻ አይጠቀሙ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። ሲቀቡት የሚነሳው አረፋ ቆሻሻው እየለቀቀ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን አሉሚኒየሙ ሲሟሟ የሚወጣ ሃይድሮጅን ነው፤ እሳት የሚይዝ ጋዝ ነው። ገጹም ጠቁሮና ሻክሮ ይቀራል።

ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። ከ120 ቁጥር ጀምረው በ240 አልፈው በ400 ይጨርሱ፤ አቧራው እንዳይተነፈስ በውሃ እያራሱ ይፈግፍጉ። ነጩ ዱቄት ጨው ከሰረሰራቸው ጉድጓዶች ሥር ሳይቀር ወጥቶ አሉሚኒየሙ እስኪያበራ ድረስ አያቁሙ። የብረት ሽቦ ብሩሽ ግን አያስገቡ፤ የብረቱ ስብርባሪ ገላው ውስጥ ተሰክቶ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙንም ያስበላዋል።

ባዶው አሉሚኒየም ለጨዋማው አየር ስለተጋለጠ ከዚህ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። ቸርኬውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁና ቅባቱን በአልኮል ይጥረጉ። ላብ ራሱ ጨው ስላለበት በባዶ እጅ አይንኩት። በዚያው ቀን ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር ይቀቡ።

ሰዓት መምረጥ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እንደ ጅዳ ሌሊት እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝና ቀለሙ ወተት መስሎ ይነጣል። የቀለም ባለሙያዎች ሕግ፣ የሚቀባው ነገር አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ የሞቀ ይሁን ይላል። ፀሐይ ላይ የዋለ ቸርኬ ደግሞ ቀለሙን ሳይዘረጋ ያደርቀዋልና ገጹ ይሻክራል። መካ ላይ እርጥበቱ ያን ያህል አያሰጋም፤ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ ማርከፍከፍና ነፋስ የረገበበትን ሰዓት መምረጥ ይበቃል። በሁለቱም ከተሞች ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይመቻል። ቀለሙንም ቫርኒሹንም በስሱ፣ ደጋግመው፣ በየመሐሉ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል እያቆዩ ይንፉ።

ብሎኑ የሚቀመጥባቸውን ጉድጓዶችና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን የጀርባ ገጽ በፕላስተር ሸፍነው ያለ ቀለም ይተዉ። እዚያ ያለ ቀለም ሲጫን ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ይላላል። ስለዚህ ጎማውን ሲያስገጥሙ በአምራቹ ልክ ያስጠብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላም እንደገና ያስፈትሹ። ከጅዳ ተነሥቶ መካ የደረሰ ሰው ይህን ያህል ተጉዟልና፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት እዚያው ብሎኖቹን ይፈትሽ።