አልፈታ ያለ የጎማ ብሎን

የጎማ ብሎን መንገድ ላይ አልፈታ ሲል ችግሩ እዚያው የተፈጠረ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተፈጠረው ከወራት በፊት፣ ጎማ ቤት ውስጥ ነው። ሠራተኛው በአየር የሚሠራውን ቁልፍ ብሎኑ ላይ ደግኖ ያስጮኸዋል፣ አራቱም አምስቱም ብሎኖች በግማሽ ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ መኪናው ይወጣል። መሣሪያው ምን ያህል እንዳጠበቀ የለካ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አሽኬሎን ላይ ባሕሩ ይጨርሰዋል።

የአብዛኛው የቤት መኪና ብሎን መጥበቅ ያለበት ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። በክብደት ስናስበው 40 ሳንቲሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል እንደ መጫን ነው። ይህ ማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚችለው ኃይል ነው። የአየር ቁልፍ ግን ካልተመጠነ 300 እና 400 ሊያደርሰው ይችላል። ታዲያ በመኪናው ውስጥ በተሰጠችን አጭር መፍቻ ያንን እንዴት እንፍታው?

የጨው ነገርም አለ። በሰሜን አውሮፓ ብሎን የሚያዝገው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እዚህ በረዶ የለም፤ ከሜዲትራኒያን የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ግን ያንኑ ጨው ይዞ ይመጣል። ባርኔያና አፍሪዳር አካባቢ፣ ወይም ማሪናው ዳር መኪናውን የሚያሳድር ሰው ጠዋት መስተዋቱ ላይ የሚያየው ነጭ ነገር ቸርኬው ውስጥም ይገባል። ቸርኬው አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በመካከላቸው ጨዋማ ውኃ ሲያገኙ አንደኛው ሌላውን ይበላል፤ ውጤቱም ሁለቱን የሚያጣብቅ ነጭ ዱቄት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት የመኪናዎን ዓይነት ይወቁ። ቶዮታ፣ ሀዩንዳይ፣ ኪያ፣ ማዝዳና የመሳሰሉት ከሞዞው ላይ ተተክሎ የቀረ ጥርስ ያለው ዘንግ አላቸው፤ የሚፈታው በላዩ የሚጠብቀው ዳዶ ነው። ቮልስዋገንና ስኮዳን በመሰሉ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ ብሎኑ ራሱ ሞዞው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል፣ ሲፈታም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ልኩም ይለያያል፤ ቶዮታና ሀዩንዳይ በብዛት 21፣ ሆንዳ 19፣ ቮልስዋገን 17 ነው። ከአራቱ ወይም ከአምስቱ አንዱ መልኩ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ የሌባ መከላከያ ብሎን ነው፤ የራሱ ትንሽ ቁልፍ ከሌለ በተራ መፍቻ አይፈታም። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ይህን ቁልፍ ሻጩን መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በዳሽቦርዱ መሳቢያ ወይም ከስኮርታው ጎማ ጋር ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ዋናው ነገር መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት መሬት ላይ እንዳለ ብሎኖቹን ማላላት ነው። ጎማው መሬት ሲነካ አይዞርም፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ማርሹ ገብቶ ይሠራል። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ብሎን መታገል ግን መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ጉልበት ከመጨመርዎ በፊት ርዝመት ይጨምሩ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሳንቲሜትር ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ክብደቱን ቢያሳርፍ 176 ኒውተን ሜትር ያህል ያገኛል። መፍቻው 60 ሳንቲሜትር ቢሆን ያው ሰው፣ በዚያው ክብደት፣ እጥፉን ያገኛል። ስለዚህ 60 ሳንቲሜትር የሚረዝም ጠንካራ የመፍቻ ዘንግና የብሎኑን ልክ የያዘ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ቡሶላ ማዕዘኑን በጫፉ ብቻ ስለሚይዝ የዛገውን ብሎን ክብ ያደርገዋል። ዘንግ ከሌለ በመፍቻው እጀታ ላይ ወፍራም የብረት ቱቦ ማስገባትም ይቻላል።

ቡሶላው እስከ መጨረሻው መግባቱን በእጅዎ ይፈትሹ። እጀታውን ወደ ግራ በኩል አድርገው፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ወደ ታች ይጫኑት፤ ብሎኑ የሚፈታበት አቅጣጫ ይኸው ነው። ወደ ላይ መሳብ ወገብ ይጎዳል። በእግር መጫን ካስፈለገም የመኪናውን ጣሪያ ይዞ ክብደትን ቀስ እያደረጉ ማሳረፍ ነው፤ መዝለል ቡሶላውን ያንሸራትታል። አንዳንድ የቆዩ የጃፓን ጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖቻቸው በተቃራኒው እንደሚፈቱ ግን ያስታውሱ፤ ብሎኑ ላይ ምልክት ይኖራል።

አሁንም እምቢ ካለ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው ይሞክሩት። እንግዳ ይመስላል፤ ግን ዝገቱ የሚሰበረው በማንኛውም አቅጣጫ ነው። ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰሙና ከብሎኑ ሥር ቀይ ዱቄት ከረገፈ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ መፍቻው ይመለሱ። ሌሎቹን ፈትተው አንዱ ብቻ ከቀረ የጎማው ጫና በሙሉ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ ይብስ ይከብዳል። ሌሎቹን መልሰው አጥብቀው ያንን አስቀድመው ይሞክሩት።

ዝገት የሚያላላ ዘይት መርጨት ይረዳል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በየሱቁ ያለው ደብልዩ ዲ 40 በ1953 በአሜሪካ የተሠራው ውኃን ከብረት ለማራቅ ነበር፤ ይሠራል፣ ለዝገት ተብሎ የተሠራው ግን ይሻላል። ዳዶው ጫፉ ክፍት ከሆነ በዘንጉ ጫፍ፣ ዝግ ከሆነ ቸርኬውን በሚነካበት ጠርዝ ይርጩ። ከዚያ ጫፉን በመዶሻ ቀለል አድርገው ይምቱና ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጊዜ ካለ ማታ ረጭቶ ማሳደር ነው። ፍሬን ዲስኩ ላይ ግን ጠብታ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

በእሳት ማሞቅ የጋራዥ ሥራ ነው። አሉሚኒየም ቸርኬ በሙቀት ጥንካሬውን ያጣል፣ የጋለ ጎማም ሊፈነዳ ይችላል። መንገድ ዳር ማንም ላይተር እንዲያበራ አይፍቀዱ።

ብሎኑ ማዕዘኑን አጥቶ ክብ ከሆነ ትንሽ የሚያንስ ቡሶላ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት፣ ወይም ውስጡ የጥምዝ ስለት ያለውን ልዩ ቡሶላ መጠቀም ነው። አንዳንድ ዳዶዎች በስስ የብረት ቆብ የተሸፈኑ ናቸው፤ ከሥሩ ሲዝግ ቆቡ ያብጥና ትናንት የገባ ቁልፍ ዛሬ አልገባ ይላል። ዳዶው ያለ ማቋረጥ እየዞረ ካልወጣ ዘንጉ ከሞዞው ጋር ያለውን ይዞታ አጥቷል፤ ያኔ ወደ ጋራዥ ነው። ዘንግ ቢሰበርም መተኪያው ርካሽ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው በጎደለ ብሎን በፍጥነት መንዳት ነው።

ይህ ሁሉ መንገድ 4 ዳር ቢገጥምዎት ግን መጀመሪያ ሰው ነው። አንጸባራቂውን ሰደርያ መኪና ውስጥ እንዳሉ ይልበሱ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ያስቀምጡ። አሽኬሎን ውስጥ ሳይረን ከጮኸ ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ያህል ነው፤ መፍቻውን ጥለው ከመኪናው ይራቁ፣ ሕንፃ ከሌለ መሬት ላይ ተኝተው ራስዎን በእጅ ይሸፍኑ። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ሥር ወይም አጠገብ መጠለል አይገባም። ጉልበት የሌላቸው እናትና አባቶች ከብሎኑ ጋር መታገል የለባቸውም፤ በ1230 የሚደወልላቸው የይዲዲም በጎ ፈቃደኞች ለእንዲህ ያለ ችግር በነጻ ይመጣሉ።

ብሎኖቹ ወጥተው ጎማው ራሱ ከሞዞው አልላቀቅ ቢልስ? ያም የዝገት ሥራ ነው። ሁሉንም ብሎኖች መልሰው በእጅ ብቻ ያስገቡ፣ መኪናውን መሬት አውርደው ጥቂት ሳንቲሜትር ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት። ክብደቱ ያላቅቀዋል።

ሲመልሱ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ብዙ ሰው እንዳይዝግ ብሎ ግራሶ ይቀባል፤ የአብዛኛው መኪና የማጥበቂያ ልክ ግን ለደረቅ ጥርስ የተሰጠ ነው፣ ግራሶ ሲገባ በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከልክ በላይ ይወጠራል። ሁሉንም በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ አንዱን አጥብቀው ትይዩውን እያስከተሉ ይጨርሱ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ደግመው ይፈትሹ። ፓንቸሪያ ሲሄዱ ደግሞ ሠራተኛው የአየር ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት «ቲስጎር ባያድ፣ በቫካሻ» ይበሉት፤ በእጅ አጥብቀው ማለት ነው፣ ቅር የሚሰኝም የለም። የመጀመሪያው የኅዳር ዝናብ ሳይመጣ አንድ ዓርብ ጠዋት ደጅዎ ላይ በራስዎ መፍቻ እያንዳንዱን ብሎን አላልተው መልሰው ያጥብቁ።