የላባቱ ዕዳ፦ አንኮበር ላይ የተቃጠሉት ደብተሮች

በንግድ ሥራ መልካም ስም የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንድ ነጋዴ መያዣ ሳይሰጥና ዋስ ሳይጠራ በቃሉ ብቻ ዕቃም ገንዘብም እንዲያገኝ የሚያስችለው የሰው አመኔታ፣ ከቤትና ከመሬት፣ ከግመልና ከበቅሎ የማያንስ ሀብት ቢሆንም፣ በጽሑፍ ካልተደገፈ ግን ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር ሀብት ነው። ነጋዴው በዚያው ስሙ የገባው ዕዳ ግን አብሮት አይቀበርም፤ ወይ ወራሹን፣ ወይ ሸሪኩን፣ ወይ ሁለቱንም ተከትሎ ይመጣል። በሰሜን ሸዋ የንግድ ታሪክ ውስጥ ይህንን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው፣ በአንኮበር ጎጆ ቀልሶ፣ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ በንጉሥ ምኒልክ ግቢ ታውቆና ተከብሮ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረው የፈረንሳዊው ነጋዴ የፒየር ላባቱ ሕይወትና ሞት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ላባቱ የኖረባት አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ወደ ይፋት ቆላና ወደ አፋር በረሃ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተመሠረተች የነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከሥሯ የምትገኘው አልዩ አምባ ከሐረር፣ ከዘይላና ከታጁራ የሚመጣው የግመል ቅፍለት የሚያበቃባትና የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ነጋዴ ጨውን፣ ቡናን፣ ጨርቅንና የዝሆን ጥርስን የሚለዋወጥባት ገበያ ስትሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ለግመል ስለማይመች ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወር ነበር። ሁለት ዓይነት ገንዘብ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ አንደኛው ለዕለት ግብይት የሚያገለግለው አሞሌ፣ ማለትም በቁመትና በውፍረት ተለክቶ የተቀረጸ የጨው ጡብ፣ ሁለተኛው ደግሞ 1780 የሚል ዓመት ታትሞበት በኦስትሪያ ይሠራ የነበረውና ሕዝቡ ጠገራ ብር የሚለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው።

የላባቱ ዋና ንግድ የጦር መሣሪያ ነበር። ይህ ንግድ ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገዢው አንድ ብቻ ነው፤ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሻጮች ብዙ ሆነው ገዢው አንድ የሚሆንበትን ገበያ የብቸኛ ገዢ ገበያ ይሉታል፤ በእንዲህ ያለ ገበያም ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ወጥቶ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ በዓመት የሚቆጠር ነው። በሁለቱም ምክንያት የነጋዴው ዋነኛ ስንቅ ጠመንጃው ሳይሆን በቤተ መንግሥት ያለው ትውውቅ ነበር፤ ንጉሡ ዛሬ ባይከፍል ነገ እንደሚከፍል፣ ነጋዴውም ዛሬ ባያስረክብ ነገ እንደሚያስረክብ ሁለቱም የሚተማመኑበት፣ የአንዱ ጭነት ሒሳብ ሳይዘጋ የሌላው የሚከፈትበት የረጅም ጊዜ የዱቤ ሒሳብ ነበራቸው።

በጥቅምት 1885 ኤደን ላይ ከላባቱ ጋር የተዋዋለው አርተር ራምቦ የገዛው ይህንን ትውውቅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ራምቦ በወጣትነቱ በጻፈው ግጥም በኋላ ዓለም ያወቀው ሰው ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ ግን ቅኔውን ትቶ በኤደንና በሐረር የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ የኖረ፣ ያጠራቀማትን ጥሪት ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም ለመነገድ የተነሣ ሰው ነበር። ጭነቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ጦር ከጣላቸው ዐሥርት ዓመታት ያለፋቸው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱ አሮጌዎች ሲሆኑ፣ ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው በአውሮፓ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ተገዝቶ በሸዋ ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል ተብሎ ነበር። በዚህ ስሌት ከ16,000 ፍራንክ ብዙም የማይበልጥ የጠመንጃ ግዢ ከ80,000 ፍራንክ በላይ ሽያጭ ያስገኛል ማለት ነው፤ ራምቦም ጉዳዩ ተጠናቆ በ1886 መከር ፈረንሳይ እንደሚገባ ተስፋ አድርጎ ነበር።

ይህ የአምስት እጥፍ ልዩነት ግን ትርፍ አልነበረም። ልዩነቱ የሚከፍለው የመርከብን ጭነት፣ የግመልን ኪራይ፣ በየአፋር ጎሣው ወሰን ለሚያሻግረው አባን የሚሰጠውን፣ የዘበኛውን ደመወዝና ከሁሉ በላይ የጊዜን ዋጋ ነበር። ቅፍለቱ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ ወራት አለፉ፤ በሚያዝያ 1886 ደግሞ ፈረንሳይና እንግሊዝ በተስማሙት መሠረት በዚያ ጠረፍ የጦር መሣሪያ ማስገባት ስለ ተከለከለ፣ ላባቱና ራምቦ ኪሳራቸውን በዝርዝር አስልተው ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ። ፈቃዱ ዘግይቶ ቢገኝም ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና በዚያው ዓመት ሞተ። ራምቦ ቅፍለቱን ከእሱ ቅፍለት ጋር ለማጣመር ያሰበው ሌላው ነጋዴ ፖል ሶሌዬም በመስከረም 1886 ኤደን ላይ በድንገት አረፈ። ስለዚህ ራምቦ በጥቅምት ብቻውን ወደ በረሃ ገባ፤ በየካቲት 1887 መጀመሪያም አንኮበር ደረሰ።

ላባቱ የሞተበት ቦታ ለኋለኛው ኪሳራ ራሱን የቻለ ምክንያት እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል። በሸዋ ልማድ ሰው ሲታመም የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ፣ ያለበትንና ያለውን፣ የሰጠውንና የተበደረውን ተናዝዞ፣ ምስክር አቁሞ ይሞታል። ባለዕዳን ከባለገንዘብ ጋር በሰንሰለት አስተሳስሮ በቁራኛ የሚያቆየው የጥንቱ ሥርዓትም ቢሆን የሚሠራው ባለዕዳው በሕይወት ሲኖር ነው። ላባቱ ግን ከነፍስ አባትም ከሽማግሌም ርቆ፣ ሚስቱ አንኮበር፣ ጭነቱ ታጁራ፣ የንጉሡ ሒሳብ በቤተ መንግሥት እንዳለ ሞተ፤ ሦስቱን አገናኝቶ የሚያውቀው አእምሮ እሱ ብቻ ነበር።

ራምቦ ሲደርስ ምኒልክ አንኮበር አልነበረም። በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን ስለያዘ ገና በመመለስ ላይ ነበር፤ መናገሻውም ወደ እንጦጦ እየተዛወረ ነበር። ሽያጩ የተጠናቀቀው እንጦጦ ላይ ሲሆን፣ ራምቦ በዚያው ዓመት ኅዳር ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ዘገባ መሠረት ንጉሡ ለጭነቱ በጥቅሉ 14,000 ጠገራ ብር ቆረጠለት፤ ከዚያም ላይ 2,500 ያህሉ ለግመል ኪራይና ለቅፍለቱ ወጪ፣ 3,000 ያህሉ ደግሞ ላባቱ ለንጉሡ ነበረበት ለተባለ ቀሪ ዕዳ ተቀነሰ። አንድ ጠገራ ብር ከ4 ፍራንክ በላይ ያወጣ ስለነበር ጥቅሉ ከታሰበው 80,000 ፍራንክ በብዙ ያነሰ ሲሆን፣ ተቀናሹ ብቻውን ከተቆረጠው ዋጋ 40 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር።

ከዚህ ውስጥ ትልቁን ትኩረት የሚሻው 3,000ው ብር ነው። ራምቦ ንጉሡ ለላባቱ ዕዳ አለበት እንጂ ላባቱ ለንጉሡ የለበትም ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩ ግን ሊያሸንፍ የሚችልበት ሰነድ አልነበረውም። የተሻለ ጠመንጃ ከኢጣሊያ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ የሚያገኝ፣ ከሐረርም የማረከ ንጉሥ ለአሮጌ ጠመንጃ ሲል የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረም፤ ላባቱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ግን ቢያንስ ሒሳቡን ወደሚቀጥለው ጭነት ማሻገር ይችል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ራምቦ ለቀሪው የተቀበለው ሐዋላ፣ ማለትም ሌላ ሰው በሌላ ቦታ እንዲከፍል የሚታዘዝበት ወረቀት፣ በሐረሩ ገዢ በደጃዝማች መኮንን ላይ የተጻፈ ነበር። ሐረር ላይም ጥሬ ገንዘቡ ሙሉ ባለመሆኑ ከፊሉን ለመመንዘር ምጽዋ ድረስ መሄድ አስፈልጎታል።

ከንጉሡ ሒሳብ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን አንኮበር ላይ የሆነው ነው። የላባቱ ቅፍለት ገባ ሲባል ሟች ደመወዜን ሳይከፍለኝ፣ ያበደርኩትን ሳይመልስልኝ ሄደ የሚል ሁሉ ወደ ራምቦ ይጎርፍ ጀመር። ሸሪክ ለሸሪኩ ዕዳ ያለ ገደብ ተጠያቂ የሚሆንበት ሽርክና አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ድርሻ ምንም ያህል ቢሆን ባለገንዘቡ የሚይዘው ቆሞ የሚገኘውን ሸሪክ ነው። መበለቲቱም የባሏን ውርስ ጠይቃ ከሰሰች፤ የአንኮበር አስተዳዳሪ የነበረው አዛዥ ደግሞ ራምቦ የሟችን ቤት እንዲይዝ ፈቀደለት። ራምቦ ሲገባ ያገኘው ጥቂት አሮጌ ልብስ፣ የጥይት መሥሪያ ቅርጽና በባርነት የተያዙ ሴቶች ነበር፤ ልብሱን መበለቲቱ እያለቀሰች ቀማችው፣ ሴቶቹን ትቷቸው ወጣ። በጊዜው የነጋዴ ሀብት ዝርዝር ውስጥ ሰው ከዕቃ ጋር ይቆጠር እንደ ነበር ይህ ዝርዝር በራሱ ይመሰክራል፤ ክቡር ነጋዴ የሚለው ስምም ከዚህ እውነት ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በዚያ ቤት ላባቱ በዓመታት ውስጥ የጻፋቸው 34 ደብተሮች ነበሩ። ራምቦ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አይቶ ዋጋ የሌላቸው መሰሉት፤ መበለቲቱ እየረገመችው ሁሉንም አቃጠላቸው። በኋላ እንደ ተነገረው በገጾቹ መካከል የንብረት ማስረጃዎች ተሰግስገው ነበር። ንብረት ማለት ይዞታው ብቻ ሳይሆን ይዞታውን በሌላ ሰው ፊት የሚያረጋግጠው ማስረጃ ጭምር ከሆነ፣ በዚያች ቀን አንኮበር ላይ የጠፋው ወረቀት ሳይሆን ሀብት ነው፤ የጠፋውም ለመበለቲቱ ብቻ ሳይሆን 3,000 ብር ለተቀነሰበት ለራምቦም ጭምር ነው። ለመፍረድ የሚቸግረው፣ ስለ ላባቱ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ኪሳራውን ለባለሥልጣን ለማስረዳት ከጻፈው ከዚሁ ከተጎዳው ሸሪኩ ብዕር የተገኘ መሆኑ ነው፤ ሟቹ በራሱ እጅ የጻፈው ምስክርነት የነደደው በከሳሹ እጅ ነው።

የዛሬው ሕግ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ በአብዛኛው የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማለት ማኅበሩ ከባለቤቱ የተለየ ሰውነት ስላለው ባለገንዘብ የሚጠይቀው የማኅበሩን ንብረት እንጂ የባለቤቱን ጎጆ አይደለም ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቢሞትም ሒሳቡ አይሞትም። ይሁንና ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስና ብቅል ገበያ ጀምሮ እስከ አልዩ አምባ ሱቅ ድረስ በስም የሚሠራ የዱቤ ንግድ ዛሬም ሰፊ ነው፤ ዱቤው የሚጻፈው በነጋዴው ደብተር፣ በነጋዴው ምሕፃረ ቃል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው በማይረዳው መንገድ ነው። ሚስት ወይም ልጅ ደብተሩን ማንበብ ካልቻሉ ሕጉ የሰጠው ከለላ እጃቸው አይገባም።

ራምቦ በነሐሴ 1887 ካይሮ ሲገባ 16,000 ፍራንክ ያህል ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ነበር፤ ሁለት ዓመት ገደማ ከደከመበት ንግድ የተረፈው ይህ ነው። ለምክትል ቆንስሉ በጻፈው ዘገባ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ላባቱ ዕዳ አለበት ብለው ከመጡት መካከል ድሆቹ የሚናገሩት በቅን ልቦና መሆኑን አይቶ እንዳዘነላቸውና እንደ ከፈላቸው ገልጿል። እነዚያ ሰዎች ወረቀትም ምስክርም አልነበራቸውም፤ ወረቀቱ በቤቷ የነበረው መበለት ግን ማስረጃዋ ተቃጥሎባት ቀረች።